የእናቶቻችን ስም የተጻፈበት ወረቀት



አያታችን ወደ አኺራ ከሄዱ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቤተሰቡ ቤታቸውን ለማጽዳት ተሰባሰበ። ዒድ ደርሶ ነበርና ሥራው ጥድፊያ የበዛበት ነበር። ከአልጋቸው ሥር የነበረው የቆርቆሮ ሳንዱቅ ሲከፈት ከላይ ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር የታጠፈ መስገጃ፣ ከመስገጃው ሥር ደግሞ በጨርቅ የታሰረ የወረቀት ጥቅል ተገኘ። ጥቅሉን የፈታችው ልጅ ወረቀቱን በሁለት ከፈለችው። ቢጫ የሆነውንና ጠርዙ የተበላውን ለብቻ አደረገች። በአንዱ ላይ የዐረብኛ ጽሑፍ ስላየችበት «ይህ መሬት አይወድቅም» ብላ፣ እንደተማረችው በአክብሮት ጓሮ ወስዳ አቃጠለችው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትንሽ ደብተር ግን «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። የአያታችን ፓስፖርት ነበር።

ፎቶግራፉ ላይ አያታችን በነጭ ሻሽ ተሸፍነው፣ ካሜራውን እንደ ዳኛ እያዩ ተቀምጠዋል። ከፎቶግራፉ ትይዩ ሦስት ስም ተጽፏል፤ የራሳቸው፣ የአባታቸውና የአያታቸው። በክፍሉ ውስጥ ከነበርነው አሥራ አንድ ሰዎች መካከል ሦስተኛውን ስም የሚያውቅ አንድም አልነበረም። በሰፈር የሚጠሩት በበኩር ልጃቸው ስም «የእከሌ እናት» ተብለው ነው። በመረዳጃ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰፈሩት በባላቸው ስም ነው። የቤቱ ካርታም፣ የውሃና የመብራቱ ደረሰኝም በባላቸው ስም ነው። ሰማንያ ዓመት ያህል ኖረው ሙሉ ስማቸው የተጻፈበት፣ ከእጃችን የገባ ብቸኛ ወረቀት ያ ፓስፖርት ሆነ።

ሌላም ነገር ነበረው። አያታችን ሐጅ ያደረጉበትን ጊዜ ሲጠየቁ «በጃንሆይ ጊዜ ነው» ከማለት በቀር ዓመቱን ነግረውን አያውቁም። ፓስፖርቱ ግን ያውቀዋል። በአንድ ገጽ ላይ የአገራችን የመውጫ ማኅተም ጥር 1962 ይላል፤ ከጎኑ የሰዑዲ የመግቢያ ማኅተም ዙልቃዕዳ 1389 ይላል። ሁለት አቆጣጠር፣ አንድ ወር፣ አንዲት ሴት።

የተቃጠለው ወረቀት ምን እንደነበረ የገባን ከብዙ ቀን በኋላ ነው። እሱን ወደ ኋላ እናነሳዋለን።

<b>ወረቀት ሳይኖር ስም የነበረበት ዘመን</b>

ከዚያ ቀን ወዲህ የሴቶች የጉዞ ሰነድ ነገር ከልባችን አልወጣ አለ። በዓለም ዙሪያ የቆየ ፓስፖርት፣ የይለፍ ወረቀትና ቪዛ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል የሴቶችን ሰነድ ለይተው የሚፈልጉ አሉ። መጀመሪያ ስንሰማ «ቴምብር መሰብሰብ አልበቃ ብሎ!» ብለን ነበር። ነገሩን ስንመረምረው ግን ከቴምብር የራቀ ሆኖ አገኘነው። የሴት የጉዞ ወረቀት የያዘ ሰው፣ ያቺ ሴት በመንግሥት ፊት ማን ተብላ እንደቆመች በእጁ ይዟል ማለት ነው።

እኛ ሙስሊሞች፣ በተለይም የሐበሻ ምድር ሙስሊሞች፣ የሴትን ጉዞ በስም የመመዝገብ ልማድ ከሩቅ የመጣልን ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሐቦች ፓስፖርት አልነበራቸውም። የሲራ ጸሐፊዎች ግን ስደተኞቹን ሲዘረዝሩ ሴቶቹን «ሚስቱ» ብለው ብቻ አላለፏቸውም፤ ሩቀያ የረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ፣ አስማእ የዑመይስ ልጅ፣ ኡሙ ሰለማ፣ ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) እያሉ በስማቸውና በጎሣቸው መዝግበዋቸዋል። አስማእ (ረ.ዐ.) ከዓመታት በኋላ ከአገራችን በመርከብ ወደ መዲና ስትመለስ ስደቷን የሚያሳንስ ንግግር ብትሰማ ዝም አላለችም፤ ጉዳዩን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ አድርሳ፣ የመርከቡ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው የሚገልጽ መልስ ይዛ ተመልሳለች። ማኅተም ያልነበረበት ጉዞ በዚህ መልክ ተመዘገበ።

<b>የመይሙና ጥቅልል</b>

ወረቀቱ ራሱ ከተረፈላቸው ሴቶች መካከል እኛን እጅግ ያስገረመችን መይሙና ናት። ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ረጅም የወረቀት ጥቅልል አለ። የሐጅ ምስክር ወረቀት ነው። የመካና የመዲና ቅዱሳት ስፍራዎች በቀለም ተስለውበታል። ባለቤቱ መይሙና ትባላለች፤ የሙሐመድ ልጅ፣ የዐብደላህ የልጅ ልጅ፣ አዝ-ዘርደሊ። ሐጅ ያደረገችው በ836 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1433 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ስለ ሐጅ ትልቅ ዐውደ ርእይ በተዘጋጀ ጊዜ ይህ ጥቅልል ለሕዝብ ታይቷል።

አንባቢ ሆይ፣ የስሙን አጻጻፍ ልብ በል። የራሷ ስም፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም። አያታችን ፓስፖርት ላይ የተጻፈው በዚሁ ሥርዓት ነው። በሁለቱ መካከል 537 ዓመት አለ።

መይሙና ንግሥት ስለመሆኗ ወይም መጽሐፍ ስለመጻፏ የተነገረ ነገር የለም። ሐጅ ያደረገች ሙስሊም ሴት ናት። ወረቀቷን ጠቅልሎ ያስቀመጠ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስሟን ማን ይጠራው ነበር?

ቀደምት ሙስሊሞች ወረቀት የማይጥሉበት ምክንያት ከኛዋ ልጅ ምክንያት ጋር አንድ ነበር፤ የአላህ (ሱ.ወ.) ስም የሠፈረበት ነገር መሬት አይወድቅም። ልዩነቱ እነርሱ ከማቃጠል ይልቅ ማስቀመጥን መምረጣቸው ነው። በደማስቆው ታላቅ የኡመውያ መስጊድ ለዘመናት የተከማቹ ወረቀቶች እ.ኤ.አ. ከ1893ቱ የመስጊዱ ቃጠሎ በኋላ ወደ ኢስታንቡል ተወስደዋል። ከእነዚያ መካከል ከአሥራ አንደኛው እስከ አሥራ አራተኛው መቶ ዘመን ድረስ የተጻፉ የሐጅ ምስክር ወረቀቶች ተገኝተዋል። ብዙዎቹ በሌላ ሰው ስም የተደረገ ሐጅ፣ ማለትም የበደል ሐጅ መፈጸሙን የሚያረጋግጡ ናቸው። እሳት የተረፋቸው ወረቀቶች ናቸው እንግዲህ። የኛው ግን አልተረፈም።

<b>ከተማ የተሰጠበት ይለፍ</b>

ከመይሙና በኋላ ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ ባሕሩ ሌላ ጌታ አበጀ። ፖርቹጋሎች የሕንድን ውቅያኖስ መንገድ በመድፍ ይዘው፣ የእነርሱን የይለፍ ወረቀት ያልያዘ መርከብ እንይዛለን አሉ። ወረቀቱ ካርታዝ ይባል ነበር። ከሕንድ ወደ ጅዳ የሚሄድ ሐጃጅ ሁሉ በዚህ ወረቀት ሥር ወደቀ።

ጉልበደን ቤጉም የሙጋሉ ንጉሥ የአክበር አክስት ናቸው። የወንድማቸውን የንጉሥ ሁማዩንን ታሪክ የጻፉ ምሁር ሴት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1575 ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የቤተ መንግሥት ሴቶችን አስከትለው ለሐጅ ተነሡ። ሱራት ወደብ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ለመንገዱ ዋስትና የሚሆነው የፖርቹጋሎች ይለፍ እስኪገኝ አንድ ዓመት ያህል ጠበቁ። ይለፉን ለማግኘት ቡልሳር የምትባለውን ከተማ ለፖርቹጋሎች እንደለቀቁ ይተረካል። በ1576 ተሳፈሩ፤ በቅዱሳን ከተሞች ዓመታት ተቀመጡ፤ ሲመለሱም ዓደን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ብዙ ተንገላቱ፤ ቤታቸው የገቡት በ1582 ነው።

አንድ ከተማ የተሰጠበት ወረቀት ምን ይላል? ካርታዝ ላይ የሚሠፍረው የመርከቡ ስም፣ የመርከበኛው አለቃ ስም፣ የጦር መሣሪያው ልክና የሚሄድበት ወደብ ነበር። የተጓዦቹ ሴቶች ስም ቦታ አልነበረውም።

ወረቀቱ የገባው ቃል የታመነ ነው ማለትም አልነበረም። የንጉሥ ጀሃንጊር እናት መርየም ኡዝ-ዘማኒ ራሒሚ የምትባል ትልቅ መርከብ ነበረቻቸው፤ ነጋዴም ሐጃጅም ትጭናለች። እ.ኤ.አ. በ1613 ፖርቹጋሎች ራሳቸው የሰጡትን ይለፍ ይዛ ሳለ ማረኳት፤ በላይዋ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች ነበሩባት። ጀሃንጊር ተቆጥቶ የፖርቹጋሎችን ከተማ ደማንን እስከ መክበብ ደርሷል። ዛሬ ቪዛ ዘገየብን ብለን የምናማርር ሰዎች ይህን ማወቁ አይጎዳንም።

<b>«ባለ ፓስፖርቱና ሚስት»</b>

አሁን ወደምናውቀው ፓስፖርት እንምጣ። ፓስፖርት ፎቶግራፍ እንዲኖረው በብዛት የታዘዘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 እና 1915 ነው። ከዚያ በፊት የሰውን መልክ በቃላት መጻፍ ይበቃ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1920 የመንግሥታቱ ማኅበር ፓሪስ ላይ ስብሰባ ጠርቶ የፓስፖርቱን ቅርጽ አንድ ለማድረግ ሞከረ። 32 ገጽ፣ 15.5 በ10.5 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለት ቋንቋ ሆኖ አንዱ ፈረንሳይኛ እንዲሆን ተባለ። ዛሬም ኪሳችን ውስጥ የምናስገባው ደብተር የዚያ ስብሰባ ልጅ ነው።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፓስፖርት ብትገልጡ የመልክ መግለጫው ሁለት ዓምድ አለው። አንዱ «ባለ ፓስፖርቱ» ይላል፤ ሁለተኛው «ሚስት» ይላል። ከሥሩ የልጆች ዝርዝር ይከተላል። ሚስቲቱ ፎቶግራፏ አለ፣ ቁመቷ አለ፣ የዓይኗ ቀለም አለ፤ ፓስፖርቱ ግን የባሏ ነው። ባልዬው ያለ ሚስቱ በዚያ ፓስፖርት ይሄዳል፤ እሷ ያለ እሱ በዚያ ፓስፖርት ድንበር መሻገር አትችልም።

ነገሩ ከወረቀትም አልፎ ዜግነትን ነክቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣችው ሕግ የውጭ አገር ሰው ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን ታጣ ነበር። ይህ በከፊል የተነሣው በ1922 ነው። በእንግሊዝም የውጭ ሰው ያገባች እንግሊዛዊት እስከ 1948 ድረስ እንደ ባዕድ ትቆጠር ነበር፤ የተለወጠው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 1949 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ያገቡ ሴቶች ዜግነት ስምምነት ያወጣው በ1957 ነበር።

ስሙስ? በአሜሪካ ያገባች ሴት ፓስፖርት ስታወጣ የሚጻፍላት የባሏ ስም ነበር። ሩት ሄል የተባለች ጋዜጠኛ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በራሷ ስም ፓስፖርት ጠይቃ «የእከሌ ሚስት» የሚል ሲሰጣት፣ በዚህ ወረቀት አልሄድም ብላ ጉዞዋን ተወች። በ1925 ዶሪስ ፍሌይሽማን የተባለች ሌላ ያገባች ሴት በተወለደችበት ስም ፓስፖርት ለማግኘት በቃች። በአገሩ ጋዜጦች የተወራለት ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ እናስተውል። በ1925 አሜሪካ ውስጥ ወሬ የሆነው ነገር፣ መይሙና በ836 ዓመተ ሂጅራ ያለ ክርክር ያገኘችው ነው። በሸሪዓችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ በአገራችን ልማድም እንዲሁ ነው፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም በዚህ አንድ ነን።

ይህን ስንል ደረታችንን ለመንፋት አይደለም። በሙስሊሙም ዓለም የሴቷ ወረቀት የጎደለ ነበር። በእንግሊዞች ትገዛ በነበረችው ሕንድ ከወንድ ተከልለው የሚኖሩ ሴቶች ለፓስፖርት ፎቶግራፍ እንዳይነሡ ይፈቀድላቸው ነበር፤ በፎቶግራፉ ቦታ «ፐርደነሺን»፣ ማለትም «በመጋረጃ ውስጥ የምትኖር» የሚል ቃል ይገባል። ለሴቲቱ ክብር ተብሎ የተደረገ ነው፤ ለዛሬው የልጅ ልጇ ግን የቀረው አንዲት ቃል ብቻ ነው። በሰዑዲ ዐረቢያም ከ21 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ያለ ወንድ አሳዳጊ ፈቃድ ፓስፖርት እንድታወጣ የተፈቀደው በ2019 ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የራስ ፓስፖርት መያዝም አይበቃም። ሌዲ ኢቭሊን ኮቦልድ፣ በእስልምና ስማቸው ዘይነብ፣ የስኮትላንድ መኳንንት ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1933 በ65 ዓመታቸው ሐጅ ለማድረግ ሲነሡ ለንደን የነበሩት የሰዑዲ መልእክተኛ ለንጉሡ ጻፉላቸው፤ እሳቸውም ጅዳ ድረስ ሄደው ፈቃዱ እስኪመጣ ተቀምጠው ጠበቁ። ፈቃዱ መጣ፤ ሐጃቸውን አደረጉ፤ በዓመቱ የጉዞ ማስታወሻቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ።

<b>የተቃጠለው ወረቀት</b>

ቀደም ሲል ወደ ኋላ እናነሳዋለን ያልነውን እነሆ። ከፓስፖርቱ ጋር ታስሮ የነበረው ቢጫ ወረቀት የክትባት ካርድ ሳይሆን አልቀረም። እንዲህ ያልነው ቆይታ ሁኔታውን የሰማች አክስታችን «ቢጫ፣ እንደ ደብተር የሚታጠፍ፣ ማኅተም ያለበት? የመርፌው ወረቀት ነዋ!» ስላለችን ነው።

ለማያውቅ ሰው ዋጋ የለሽ ይመስላል። ነገር ግን የሐጅ ታሪክ ግማሹ የበሽታ ታሪክ ነው። ዑስማኖች እ.ኤ.አ. በ1882 ከየመን ባሕር ዳርቻ ባለችው የካመራን ደሴት ላይ ማቆያ ከፍተው፣ ከሕንድና ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጡ ሐጃጆችን መርከብ እያስቆሙ ያቆዩ ነበር። በሰሜን የሚያልፉት ደግሞ በሲና ልሳነ ምድር ባለችው ጡር ይቆያሉ። ኋላ ክትባት ሲስፋፋ ማቆያው ቀርቶ ካርዱ ተተካ። አያታችን በ1962 ሲጓዙ ፈንጣጣ ገና በአገራችን ነበር፤ ኢትዮጵያ ከፈንጣጣ ነጻ የሆነችው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ዓለም መጥፋቱን ያወጀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከ1987ቱ ሐጅ በኋላ ደግሞ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ስለተነሣ የዚያ ክትባት ለሐጃጆች ግዴታ ሆነ። እንግዲህ የእናታችሁ ካርድ ላይ የትኛው መርፌ እንደተጻፈ በማየት ብቻ የሄዱበትን ዘመን መገመት ይቻላል። እኛ ይህን ዕድል በክብሪት ጨረስነው። ልጅቷ አልተወቀሰችም፤ ያስተማርናትን ነው ያደረገችው። ወረቀት ከማቃጠል በፊት እንዲነበብ ግን አላስተማርናትም።

<b>ለመሰብሰብ የሚፈልግ</b>

ከወጣት አንባብያን መካከል «እኔም ልጀምር» የሚል ቢኖር ከሩቅ አይጀምር። ከራሱ ቤት ሳንዱቅ ይጀምር። ገበያ ወጥቶ የማያውቃትን ሴት ፓስፖርት መግዛት ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው የሕግ ነው። በብዙ አገር ፓስፖርት የመንግሥት ንብረት እንጂ የያዡ ሰው ንብረት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በደብተሩ ላይ ራሱ ተጽፎ ይገኛል። ጊዜው ያላለፈ፣ ያልተሰረዘ ፓስፖርት መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው። ጠንቃቃ ሰብሳቢዎች የሚይዙት ጊዜው ካለፈ ብዙ ዘመን የሆነውን፣ ጥጉ የተቆረጠውን ወይም የተበሳውን ነው።

ሁለተኛው የአደብ ነው። የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ፣ የተወለደችበት ቀንና የልጆቿ ስም በሱቅ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ ዋጋ ሲለጠፍበት ማየት እኛን አይመቸንም። ቤተሰቧ ያውቃል? ፈቅዷል? ሴቲቱ በሕይወቷ ፊቷን ለባዕድ የማታሳይ ከነበረች ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። በእኛ ቤት ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማነው፣ የአያታችን የፎቶግራፍ ገጽ ከቤተሰብ ውጭ እንዳይታይ፣ የማኅተሞቹ ገጾች ግን ለፈለገ ሁሉ እንዲታዩ ነው። ሌላ ቤተሰብ ሌላ ቢወስን አንፈርድም።

አያያዙን በተመለከተ ከጥፋታችን የተማርነውን እንንገራችሁ። የተቀደደውን ገጽ በፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። በፕላስቲክ አታሽጉት፤ አንዴ ከታሸገ አይላቀቅም። ላስቲክ አትሰሩበት። በንጹሕ የወረቀት ኤንቨሎፕ አድርጋችሁ ከፀሐይም ከክረምት እርጥበትም አርቁት፤ መሬት ላይ ካለ ሳንዱቅ ይልቅ ከፍ ያለ መደርደሪያ ይሻላል። እያንዳንዱን ገጽ፣ ባዶውን ጭምር፣ ፎቶግራፍ አንሱት። ከሁሉ በላይ ባለቤቷ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እየገለጣችሁ ጠይቁ። ማን ሸኘዎት? ገንዘቡን ከየት አገኙት? ከማን ጋር አንድ ክፍል አደሩ? ማኅተሙ ይህን አይመልስም።

ከቤት የተጀመረ ነገር የት እንደሚደርስ ማየት የሚሻ ሐረር ይሂድ። በዚያ አንድ ሰው፣ አብዱላሂ ሸሪፍ፣ የከተማቸውን ቅርስ በራሳቸው ቤት መሰብሰብ ጀምረው፣ ዛሬ ስብስባቸው ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ታሪካዊ ሕንጻ ውስጥ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፎች አሉበት። እንደሚጣል ወረቀት የታዩ ብዙ ነገሮች እዚያ በክብር ተቀምጠዋል።

<b>ገና ያላረጁት ፓስፖርቶች</b>

ስለ አሮጌ ወረቀት ስንጽፍ ስለ አዲሱ ዝም ብንል ትዝብት ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ እህቶቻችን በዚሁ በቀይ ባሕር መንገድ ተጉዘዋል፤ ለሐጅ ሳይሆን ለሥራ። ወደ ሰዑዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ኢማራት፣ ወደ ቤይሩት። ከየቤታችን ያልሄደ የለም። ከእነርሱ ብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነውን ፓስፖርት ያገኙት ለዚህ ጉዞ ነው፤ በሦስት ስም የተጻፈ፣ የራሳቸው የሆነ። ካረፉ በኋላ ግን ፓስፖርቱ በአሠሪው ካዝና ገባ። በበርካታ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሕግ ይህ የተከለከለ ነው፤ በተግባር ግን አልቀረም። የኛ ቤት ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ፓስፖርቷን አላየችውም ነበር። «ስሜን የማየው ብር ስልክ ነው» ትለን ነበር፤ ገንዘብ ወደ ቤት ስትልክ የሚሰጣትን ደረሰኝ ማለቷ ነው።

እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሰዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ ፓስፖርታቸው እዚያው ቀርቶ በሌሴ ፓሴ የገቡ ነበሩ። ሌሴ ፓሴ ለአንድ ጉዞ የሚሆን ወረቀት ነው። ቤት ከደረሱ በኋላ ማን ያስቀምጠዋል? አስታዋሹም መጥፎ ነው ተብሎ ይቀደዳል። እኛ ግን እህቶቻችንን እንለምናለን፤ አትቅደዱት። ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ፣ መቼ ወጥታችሁ መቼ እንደገባችሁ ለማስረዳት ዛሬ ይጠቅማችኋል። የፓስፖርታችሁን የመጀመሪያ ገጽ ቅጂም ከመሄዳችሁ በፊት እናታችሁ ዘንድ ተዉት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ የልጅ ልጃችሁ ሳንዱቅ ሲከፍት የሚያገኘው ነገር ይኑር።

ያቺ ስለ መርፌው ወረቀት የነገረችን አክስታችን ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የራሷን ፓስፖርት ይዛልን መጣች። የሄደችው በ1980ዎቹ ነው። ገጹን እየገለጥን ስንጠይቃት ስለ ዐረፋ ሙቀት፣ በጀሪካን ስላመጣችው ዘምዘም፣ ሚና ላይ ጠፍታ ስላገኘቻት የጅማ ሴት ሰዓት ሙሉ አወራችን። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ ሠራተኛ ፓስፖርት ይዞ ሦስት ስም ደጋግሞ ሲጠራ ሰማች። «ማናት ይቺ ሴትዮ፣ ለምን አትመጣም እያልኩ ዘወር ዘወር አልኩ» አለችን እየሳቀች። «አጠገቤ ያለችው ነች 'አንቺ አይደለሽም እንዴ?' ያለችኝ። ስሜን አያቴ ድረስ የጠራኝ ሰው አልነበረማ!»

ኤንቨሎፑን ስንሰጣት በላዩ ላይ ማን ይጻፍበት ተባለ። መጻፍ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። እስክሪብቶውን ከእጃችን ወስዳ፣ ቀስ ብላ፣ ሦስቱንም ስም ጻፈች።